ፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው ማግስቱን ምን ይሆናል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ላውጣው።

የባራክ ኦባማን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከ2004 ነው። ቦስተን፣ የዴሞክራቶች ጉባኤ፣ ያ ንግግር። እኔን ግን የሚስበኝ ከዚያ አራት ዓመት በፊት የሆነው ነው፣ በገዛ ፓርቲው ውስጥ ዕጩ በሚመረጥበት ምርጫ፣ ፕራይመሪ በሚባለው፣ ድባቅ የተመታበት። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

1999 ላይ ኦባማ 38 ዓመቱ ነው። በኢሊኖይ ግዛት ሴኔት ውስጥ አባል ነው፣ ጎን ለጎን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል። ቸኩሏል። ዋሽንግተን መግባት ይፈልጋል። እና ዓይኑን የጣለው ደቡብ ቺካጎን በሚወክለው በቦቢ ራሽ ወንበር ላይ ነው። ራሽ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚነቀል ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ብላክ ፓንተር የሚባለውን የጥቁሮች ታጋይ ድርጅት የኢሊኖይ ቅርንጫፍ ካቋቋሙት አንዱ ነው፣ ከ1993 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ ነበር፣ ሰፈሩ ያውቀው ነበር። ኦባማን ያጓጓው ራሽ በዚያው ዓመት ለቺካጎ ከንቲባነት ተወዳድሮ በሪቻርድ ዴሊ በሰፊው መሸነፉ ነው። ሰውየው ተዳክሟል ብሎ አሰበ። ስሌቱ ወረቀት ላይ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ነገሮች ተበላሹ። በጥቅምት የራሽ ልጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ፣ ሕዝቡም አብሮት አዘነ። ልጁን በቀበረ ሰው ላይ ምን ዓይነት ዘመቻ ታካሂዳለህ? በታኅሣሥ ማብቂያ ደግሞ ኦባማ ሃዋይ ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ ሳለ ሕፃን ልጁ ታመመችበትና በጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ላይ በተሰጠው ድምፅ ሳይገኝ ቀረ። ሕጉ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ጋዜጦቹ ጉድ አደረጉት። አስቡት፣ ልጁ የተገደለበት ሰው ተቀናቃኝ፣ የጠመንጃ ሕግ ሲወድቅ ሃዋይ ባሕር ዳር። የሕፃን ሕመም ማን ይሰማል? በዚያ ላይ ራሽ ሃርቫርድ ገብቶ የተማረ ጅል ሆነ ብሎ አላገጠበት፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ራሽን ደግፎ ቆመ።

ማርች 21 ቀን 2000 ውጤቱ ታወቀ። ራሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30። የቀረውን ሌሎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ተካፈሉት። እጥፍ ማለት ነው። እዚያ ሰፈር ደግሞ የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ የሚነቀንቀው የለም፣ ዋናው ምርጫ የይስሙላ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ኦገስት ሎስ አንጀለስ የፓርቲው ጉባኤ ነበር። ወዳጆቹ ሂድ፣ ትንሽ ንፋስ ይንፈስብህ አሉት። ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ሊከራይ ክሬዲት ካርዱን ሲሰጥ አልሠራም። ለምኖ መኪናዋን አገኘ፣ ግን ወደ አዳራሹ ወለል የሚያስገባ ባጅ የሚሰጠው ጠፋ። ንግግሮቹን በስክሪን አየና ጉባኤው ሳያልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይሄን ራሱ ነው የጻፈው። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ፓርቲ ጉባኤ ዋናውን ንግግር ያደረገው ይህ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ ወደቀ ተነሳ ብሎ ሙዚቃ የሚለቀው። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። ወድቆ የተነሳው ጽናት ስላለው ብቻ ከሆነ፣ በየዓመቱ ፕራይመሪ የሚሸነፉት ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ ጽናት የላቸውም ማለት ነው። አይመስለኝም። ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ጽኑ ሰዎች አሉ።

ልዩነቱ የት ነው? ቀላል ነው፣ ግን ማንም አያወራውም። ኦባማ ሲሸነፍ ሥራ ነበረው። በ1998 ለግዛቱ ሴኔት ለአራት ዓመት ነው የተመረጠው፣ ስለዚህ በ2000 ለኮንግረስ ሲወዳደር የያዘውን ወንበር መልቀቅ አላስፈለገውም። ተሸንፎ ማግስቱን የግዛቱ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የምርጫ ጊዜው ገጥሞበት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተብሎ ቢሆን ኖሮ? ምናልባት ስለ እሱ ዛሬ አናወራም ነበር፣ ቢበዛ ጎበዝ የሕግ አስተማሪ ነበር የሚባለው።

ከዚያ ደግሞ ዕድል አለ። በ2001 የኢሊኖይ የምርጫ ወረዳዎች ካርታ እንደገና መሠራት ነበረበት። ሁለቱ ፓርቲዎች አልተስማሙም። በዚያ ግዛት ሕግ ካልተስማሙ ዕጣ ይወጣል፣ ቀልዴን አይደለም፣ እውነተኛ ዕጣ። ዕጣው ለዴሞክራቶች ወጣ። ካርታውን እነሱ ሣሉት፣ የኦባማ ወረዳም በሐይቁ ዳር ሽቅብ ተዘርግቶ የሀብታሞቹን ሰፈሮች ጭምር ያዘ። በ2002 ፓርቲው ሴኔቱን ተቆጣጠረ፣ ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ጆንስ ደግሞ ለኦባማ በር ከፈተለት፣ ትልልቅ ሕጎችን ሰጠው። በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ ከእነዚያ አንዱ ነው። በአናሳው ፓርቲ ውስጥ እያለ ይሄን ሁሉ ቢመኝም አይሆንለትም ነበር።

ሽንፈቱ ራሱም አንድ ነገር አሳይቶታል። በነጮቹ ሰፈሮች ከገመቱት በላይ ድምፅ አግኝቷል፣ የተሸነፈው በጥቁሮቹ ዘንድ ነው። ለዚያ ወረዳ ይሄ ሞት ነው። ለመላው ግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2004 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደር ፕራይመሪው ላይ ሰባት ሰው ነበር፣ አንዱ ብሌር ሃል የሚባል ሚሊየነር ከገዛ ኪሱ ወደ 29 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ፣ ቦቢ ራሽም የደገፈው ሃልን ነው። ቂም ነው ወይስ ፖለቲካ፣ እናንተ ፍረዱ። ከዚያ የሃል የፍቺ ፋይል ወጣና ሰውየው ተንኮታኮተ። ኦባማ 53 በመቶ አገኘ።

ሃኪም ጄፍሪስን ደግሞ እዩት፣ አሁን በተወካዮች ምክር ቤት የዴሞክራቶች መሪ የሆነውን። እሱም በ2000 ብሩክሊን ውስጥ ለኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ወንበሩን የያዘውን ሮጀር ግሪንን ገጥሞ ተሸነፈ። ከዚያ ካርታው ሲሠራ የጄፍሪስ ቤት ያለበት ቦታ ከወረዳው ወጣ፣ በአንድ ብሎክ! ቤቱን አላነሱትም፣ መስመሩን አነሱት። በ2002 እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተሸነፈ። በ2006 ግሪን ለኮንግረስ ለመወዳደር ወንበሩን ሲለቅ ነው የገባው። በመሃል ጥብቅናውን እየሠራ ይኖር ነበር። ይኼ ነው ነጥቤ፣ የሚከፈለው ሥራ ነበረው፣ ስለዚህ መጠበቅ ቻለ።

ሳይጠብቁ የሚሞክሩም አሉ። አብዛኞቹ ግዛቶች ፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዓመት በግሉ ልወዳደር ቢል ይከለክላሉ። ኮነቲከት አልከለከለችም። በ2006 ጆ ሊበርማን ለስንት ዓመት የያዘውን የሴኔት ወንበር በፕራይመሪ በኔድ ላሞንት ተነጠቀ፣ በግሉ ቀረበና ኖቬምበር ላይ አሸነፈ። አሸነፈ፣ ግን ከፓርቲው ጋር ነገሩ ሻክሮ ቀረ፣ 2012 ላይም ሳይወዳደር ተወው። ላሞንት ደግሞ ፕራይመሪ አሸንፎ ዋናውን የተሸነፈ፣ በ2010 ለገዥነት ቢሞክር ፕራይመሪውንም የተሸነፈ ሰው ነው። በ2018 ገዥ ሆኖ ተመረጠ። ሀብታም ነው፣ ያም አይዘንጋ። አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ገንዘብ ይጠይቃል።

ይሄን ሁሉ የማወራው ለምንድነው? ሜሪላንድ ውስጥ የማውቃት አንዲት የእኛ ልጅ አለች፣ ለአንድ የአካባቢ ምክር ቤት ወንበር ተወዳድራ ፕራይመሪው ላይ ቀረች። ስሟን አልጠራም። ከምርጫው በፊት ስልኳ አያርፍም ነበር፣ ሁሉም እኅቴ፣ አለንልሽ ይላል፣ ሬስቶራንቱ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ስለሷ ነው የሚያወራው። ተሸነፈች፣ ስልኩ ጭጭ። ሥራዋን ደግሞ ለቅስቀሳው ብላ ለቃ ነበር። በቀደም ደውላ "አለቀልኝ ማለት ነው?" አለችኝ።

አላለቀልሽም ማለት ቀላል ነው፣ እሱን ሁሉም ብሏታል። እኔ ያልኳት ሌላ ነው። መጀመሪያ ሥራ ያዢ አልኳት። ቀጥሎ ዕዳውን ዝጊ። ያሸነፈሽን ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ እንኳን ደስ ያለህ በይው፣ ኖቬምበር ላይም አብረሽው ቁሚ። ሂላሪ ክሊንተን በ2008 ከዚያ ሁሉ ጦርነት በኋላ ጁን ላይ ኦባማን ደግፋ ቆመች፣ በቀጣዩ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆነች። ከሁሉ በላይ ግን የጠየቅኳት ይሄን ነው፦ የየትኛው ወንበር ሰው ነው ሊለቅ የሚችለው? ማን ሊያረጅ ነው? ማን ወደ ላይ ሊወጣ ነው? ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ባዶ ወንበር ሲገኝ ነው የተሸነፈ ሰው የሚገባው።

አንድ ነገር ጨምራ ነገረችኝ፣ እሱ ነው ያበሳጨኝ። እንመርጥሻለን ካሏት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በምርጫው ቀን ሄደው የእሷን ስም ወረቀቱ ላይ አላገኙትም። ለምን? ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ዜግነት ወስደን ስንመዘገብ፣ ፓርቲ ሲባል ከአገር ቤት የመጣ ፍርሃት አለብን፣ "ምንም" የሚለው ላይ ምልክት አድርገን እንወጣለን። ፎርሙ ላይ ያች ትንሽ ሳጥን! ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን ይሄ ችግር የለበትም፣ እዚያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ የፈለገበት ፕራይመሪ ገብቶ ይመርጣል። የሜሪላንዱ ግን የሚቀጥለው ፕራይመሪ ሳይደርስ መቀየር አለበት፣ ቀነ ገደብ አለው። የግዛቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ስማችሁ ምን ላይ እንደተመዘገበ ማየት ትችላላችሁ፣ የእናት የአባታችሁንም እዩላቸው። ደህና ሁኑ።