ልስኑ ሳይመታ

ሰላም ናችሁ? ደሴ ዛሬ ጉም ነው፣ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ብርዱ ነው፣ አብሽሩ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ፈቃድ ነው። ቤት ለመሥራት የሚወጣውን ማለቴ አይደለም፤ ቤት ውስጥ መብራት ለመቀጠል፣ ቧንቧ ለመሳብ። «የራሴ ቤት፣ የራሴ እጅ፣ ማን ምን አገባው?» የሚለው ክርክር ሰሞኑን ሰፈራችንን ይዞታል።

የተነሳው ጎረቤታችን እትዬ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ሲያሠሩ ነው። ልጃቸው እጀ ብልህ ነው፤ ዩቲዩብ እያየ ሽቦውንም ቧንቧውንም ራሱ ዘረጋው። ሄጄ ሳየው ግድግዳው ገና ክፍት ነበር። ፒፒአሩ፣ ማለትም የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧው፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ጎሚቶዎቹ (የማጠፊያ መገጣጠሚያዎቹ) ላይ የቀለጠው ፕላስቲክ ዙሪያውን እኩል ቀለበት ሠርቷል። ጥሩ ማጣበቅ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል። የመብራቱ ነገር ግን አልጣመኝም። ለምጣድ የጎተተው ሽቦ ውፍረቱ ሁለት ነጥብ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ያውም ከሶኬቶቹ መስመር ላይ የተቀጠለ።

እስቲ አብረን እናስላው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፣ አንዳንዱም ከዚያ ይበልጣል። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፒር ግድም ይመጣል። ብቻውን ቢሆን ሽቦው ሊችለው ይችላል። እዚያው መስመር ላይ ስቶቭና ካውያ ሲሰካ ግን ብሬከሩ ይጥላል። ሲጥል ሰው ምን ያደርጋል? ሽቦውን አይቀይርም፣ ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረዋል። ብሬከር የሚቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው እኮ! ባለ 20ውን አውጥተህ ባለ 40 ስትከትበት መጣሉን ይተዋል፤ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል። አሮጌዎቹ የደሴ ቤቶች ደግሞ እንጨትና ጭቃ ናቸው። ከአቡጀዲ ኮርኒስ በላይ ሽቦው በእንጨቱ ላይ በሚስማር ተይዞ የሚሄድባቸው ቤቶች አሉ፤ ጣሪያው ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱን ቤት እሳት ከያዘው አጥር አያቆመውም።

ደግሞ «ምጣዱ ይነዝራል» የምንለው ነገር አለ አይደል? እናቶቻችን ሸበጥ ሳያደርጉ፣ ወይ እግራቸው ሥር ጣውላ ሳያስቀምጡ አይጋግሩም። የምጣዱ ጠባይ ነው ብለን ተቀብለነዋል። ጠባዩ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ወደ ምጣዱ ብረት እየወጣ ነው፤ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ስለሌለ በሚጋግረው ሰው በኩል ይሄዳል። የመሬት ሽቦ፣ ኧርዝ የምንለው፣ በትክክል ቢታሰርና 30 ሚሊአምፒር ማፍሰስ ሲጀምር የሚቆርጠው መከላከያ ቢገጠም፣ ሰው ከመያዙ በፊት ይጥል ነበር። ብዙ ቤት ሶኬቱን ፍቱት፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ጭራሽ የለም፤ ካለም ተቆርጦ ወደ ኋላ ታጥፏል። ግን ሶኬቱ ይሠራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መድቦ ነበር፤ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን የግል መኖሪያ ቤት እንኳ ሳይተው በምድብ ሀ አስገብቶታል። የኢነርጂ አዋጁም፣ ቁጥር 810/2006፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ጓሮ ድረስ ገብቶ፣ ኮርኒስ ከፍቶ የሚያይ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ባሏ ምድር ቤታቸውን ራሱ ሲሠራ መጀመሪያ ከከተማው ፈቃድ አወጣ። እዚያ ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ራሱ እንዲሠራ ይፈቅዱለታል። ግድግዳውን ከመዝጋቱ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ ማየት አለበት። ሳያሳይ ከዘጋ ክፈተው ሊሉት ይችላሉ። እንግሊዝና ዌልስም ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ መስመር የመዘርጋት ዓይነቱን የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ አሳውቁ ይላሉ። ልብ በሉ፣ አትሥራ አላሉም። እኔም ልጁ አይሥራ አልልም። የቀናሁት በወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀትማ እኛም ጋ ሞልቷል። ሳያይ ማህተም የሚመታ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ባይመጣ ይሻላል። የቀናሁት ግድግዳው ክፍት ሳለ ሌላ ሰው ዓይኑን ስለሚጥልበት ነው።

ቧንቧው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ልጁ ሥራውን የጨረሰው ውሃ በጠፋበት ሰሞን ነው፤ «ይኸው አያፈስም» ይለኛል። ምኑ ይፍሰስ፣ ባዶ እኮ ነው! ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ያለው የእጅ ፓምፕ አለ፤ መስመሩን ውሃ ሞልተህ፣ ግፊት ሰጥተህ ትዘጋውና ጌጁ ይወርድ እንደሆነ ትጠብቃለህ። ካልሆነ ፍሳሹ የሚታወቀው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ፣ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ በተሰነጠቀበት በኩል የውጪውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከሽንት ቤት መስመር አርቁት የሚባለው ለዚህ ነው።

ደሴ ላይ ነገሩ ከእርጥበትም ያልፋል። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት፣ መሬቷ ይንሸራተታል፤ ክረምት ሲጠና ስጋቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከላይ ያለው ቤት በወለሉ ሥር የሚያፈሰው ውሃ የሚሄደው ወደ ታችኛው ቤት መሠረት ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶም ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል፤ በየት ግድግዳ ላይ እንደተጫነ ከታች ያለውን ሰው አያገባውም ትሉኛላችሁ? እኔ ታች ነው የምኖረው፣ ያገባኛል።

እትዬን ልስኑ ይቆይ ብዬ ለመንኳቸው። ግንበኛው ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥብኝ ነው ብለው ተቆጡ፤ በቡና መሃል ግን ረገብ አሉ። የብቃት ማረጋገጫ ያለው የሰፈር ኤሌክትሪሽያን መጥቶ የምጣዱን መስመር ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው፣ በባለ 6 ሽቦ አስወጣው፤ ኧርዙንም አስቀበረ። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ወዲያው ግን ቴስተሩን ይዞ ከሥሩ አልጠፋ አለ። እትዬ የሽቦውን ዋጋ ሲሰሙ «ሽቦው ከምጣዱ በለጠ እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ መዳብ ተወዷል። የቧንቧው ሙከራ ይቀራል፤ ፓምፑን የሚያከራየን ሰው ለቅዳሜ ቀጥሮናል። በሉ፣ ደህና ዋሉ።