«አይነካ» የተባለችው ማብሪያ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የገባነውን ቃል እንፈጽማለን። በመኪና ለሚጎተት አሮጌ ተሳቢ ቤት የሊቲየም ባትሪ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ሦስት ዝግጅት ሙሉ «በሚቀጥለው» እያልን አሳልፈነዋል፤ ዛሬ ከሌላ ወሬ በፊት እሱን እንጨርሳለን።

እሷ፦ እንጨርሳለን። አንድ ነገር ብቻ ልናገርና።

እሱ፦ ይኸው ተጀመረ።

እሷ፦ ነካኋት።

እሱ፦ ምኗን? አይሆንም። «አይነካ»ን?

እሷ፦ እሷኑ።

እሱ፦ አዲስ ለምታዳምጡን ላስረዳ። የእሷ ተሳቢ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ልብስ ከሚሰቀልበት በስተጀርባ፣ አንዲት ትንሽ የብረት ማብሪያ አለች። ከጎኗ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ በእርሳስ «አይነካ» ብሎ ጽፏል። ለምን እንደማይነካ ግን አልጻፈም። ቤቱን ከገዛች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ስትሰቅል እጇን ሰብስባ ነው።

እሷ፦ ወፍራም ኮት እንኳን በዚያ በኩል አልሰቅልም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ ወደ ታች ጫንኋት።

እሱ፦ እና?

እሷ፦ ምንም። መብራቱ እንደበራ ነው፣ የውኃ ፓምፑ ይሠራል፣ ማራገቢያው ይዞራል። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ምንም የማታደርግ ማብሪያ ላይ ማን «አይነካ» ብሎ ይጽፋል?

እሱ፦ መልሰሽ አበራሻት?

እሷ፦ እሱን እንመጣበታለን። ከኋላዋ የሚወጣውን ሽቦ ልከተል ብዬ ባትሪ መብራት ይዤ ወለል ላይ ተኛሁ። ሽቦው ጥቁር ነው።

እሱ፦ ጥቁር ከሆነ የመሬት መስመር ነዋ።

እሷ፦ አየህ፣ ሰው የሚቃጠለው እንዲህ ሲል ነው! መኪና ሲጠግን ላደገ ሰው ጥቁር ማለት ኔጋቲቭ ነው። በሰሜን አሜሪካ ቤት ሲዘረጋ ለኖረ ኤሌክትሪሺያን ግን ጥቁሩ 120 ቮልቱን የተሸከመው ነው፤ ነጩ ኒውትራል፣ የመመለሻው መስመር ነው። ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ባለ ሰባት እግር መሰኪያ ላይ ደግሞ በተለመደው አሠራር ጥቁሩ ከመኪናው የሚመጣው የ12 ቮልት ፖዘቲቭ ነው፤ የመሬት መስመሩ ነጩ ነው። አንድ ቀለም ሦስት ትርጉም ይዞ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል።

እሱ፦ ቀለም አይታመንም ማለት ነው።

እሷ፦ ቴስተር፣ ቮልት የሚለካው፣ ይታመናል። ያውም የተሳቢውን ገመድ ከሶኬት ነቅለህ ከጀመርህ። እና ሽቦውን ስከተል አንድ እብጠት ላይ ደረስሁ። ናስትሮ ነው፤ የጡጫዬን ግማሽ ያህላል። ፈታሁት። ጥቁር ናስትሮ፣ ከሥሩ ቀይ ናስትሮ፣ ከሥሩ ሙጫው ወደ ሬንጅ የተለወጠ የጨርቅ ናስትሮ። ከሁሉም ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው?

እሱ፦ ፊውዝ?

እሷ፦ የቁስል ፕላስተር። ያ ለጣት የሚለጠፈው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ሽቦው ቆስሎ ነበር መሰለኝ።

እሱ፦ (ይስቃል) ታክሞ ነበር በይኛ!

እሷ፦ ሁለቱ ሽቦዎች ዝም ብለው ተጠማዘው ነው የተያያዙት። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ መያያዣ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ተሳቢ ግን መንገድ በወጣ ቁጥር የመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ነው። የተጠማዘዘው ይላላል፤ የላላው ይሞቃል፤ የሞቀው ይጠቁራል። በስታኞ ብቻ የተበየደውም ቢሆን ስታኞው ከሚያበቃበት ላይ ደርቆ ይሰበራል። ስለዚህ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ፣ በትክክለኛው ፒንሳ የተጨመቀ ማያያዣ። ይህን ከዚህ በፊት ብዬዋለሁ።

እሱ፦ ስድስት ጊዜ ብለሽዋል። ሊቲየሙስ?

እሷ፦ እየመጣሁ ነው። ስለ ፍሬቻው መናፍስት ነግሬሃለሁ?

እሱ፦ ለእኔ ነግረሽኛል። ለአድማጭ አልነገርሽም።

እሷ፦ ቤቱን የገዛሁ ሰሞን ነው። ስንጎትተው ከአልጋው በላይ ያለችው አምፖል ሳትጠፋ ቀርታ ነበር። ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተለን ጓደኛችን ደወለና «ፍሬቻ ስታሳዩ የመኝታ ቤታችሁ መብራት አብሮ ይጠቅሳል» አለኝ። ፍሬቻው ቦግ ሲል አምፖሏ ትደበዝዛለች፣ ፍሬቻው ሲጠፋ ትደምቃለች። አምፖሏን ቀየርሁ፤ ያው ነው። ማቀፊያዋን ቀየርሁ፤ ያው ነው። ማብሪያ ማጥፊያዋን ቀየርሁ። ያው!

እሱ፦ ገንዘብሽን ጨረስሽ።

እሷ፦ ችግሩ አምፖሏ ዘንድ አልነበረማ። ከፊት ለፊት፣ ከመጎተቻው አጠገብ፣ አንድ ቡሎን አለ። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድና የመሰኪያው ነጭ ሽቦ በዚያ ቡሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራሉ። የቤቱ መብራት ሁሉ፣ የፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱ፣ ሁሉም ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ በዚያች አንዲት ቡሎን ያልፋል። በቡሎኑና በሻንሲው መካከል ደግሞ የሃምሳ ዓመት ዝገት። በሩ ጠባብ ነው፤ ፍሬቻው ሲገባ አምፖሏ ትገፋለች።

እሱ፦ እንዴት አወቅሽ?

እሷ፦ ይህ እንኳን ደስ ይላል። መብራቱን ሁሉ አበራህ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሻንሲው ንጹሕ ብረት ላይ ታደርጋለህ። ዜሮ ሊጠጋ ይገባዋል። የእኔ 2.4 ቮልት አነበበ። ከ12 ቮልት 2.4! አንድ አምስተኛው ኃይሌ አምፖል ሳያበራ ዝገት ሲያሞቅ ኖሯል። ቡሎኑን ፈትቼ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈተግሁት፣ አዲስ ቀለበት አሰርሁበት፣ ከላይ ቅባት ቀባሁት። መናፍስቱ ለቀቀ።

እሱ፦ ያለ ጸበል።

እሷ፦ በብሩሽ። እና እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በአሮጌ ተሳቢ ቤት ሰው ሁሉ የሚያየው ኃይሉ የሚመጣበትን ነው። ባትሪ፣ ሶላር፣ ቻርጀር። የሚታመመው ግን የመመለሻው መንገድ ነው። በ12 ቮልት ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። 120 ዋት በ120 ቮልት 1 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት ግን 10 አምፔር። በአንድ ዓይነት ሽቦ ውስጥ 10 እጥፍ አምፔር ካለፈ በሙቀት የሚባክነው 100 እጥፍ ነው። 1 ቮልት ከ120 ላይ ቢጎድል አታውቀውም፤ ከ12 ላይ ቢጎድል ፓምፑ ያቃስታል።

እሱ፦ ይህ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ሃምሳ ዓመት የሞላውን ሽቦ በሙሉ ነቅሎ አዲስ መዘርጋት ነው። አይጥ በልቶታል፣ ብሎን ወግቶታል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ መዳብ ተወድዶ አንዳንዱ ተሳቢ ላይ የአሉሚኒየም ሽቦ ገብቷል። አሉሚኒየሙ በማያያዣው ሥር እየላላ እሳት ያስነሣል።

እሷ፦ አሉሚኒየም ከሆነ ልክ ነህ፤ ለባለሙያ ይሰጥ። የእኔ ግን መዳብ ነው፤ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ በሪቬት የተመታ ነው። ሽቦ ለመቀየር ስንት መቶ ሪቬት ልበሳ? ለመብራት የተዘረጋው አሮጌ ሽቦ ደህና ከሆነ ይቆይ፤ ሸክሙን አቅልልለት። ከባድ ለሚጠቀሙት አዲስ መስመር ዘርጋ።

እሱ፦ ደህና መሆኑን ግድግዳ ሳትከፍቺ በምን ታውቂያለሽ?

እሷ፦ በሙሉ አላውቅም። ለዚህ ነው ፊውዙን ለሽቦው ልክ የማደርገው። ፊውዝ የሚጠብቀው ማራገቢያውን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ያለ የሚያስገባ ሰው ግድግዳውን ፊውዝ እያደረገው ነው።

እሱ፦ እኔ አሁንም እነቅለው ነበር።

እሷ፦ ንቀለው፤ የራስህን። ሊቲየም አላልህም?

እሱ፦ አልሁ! ሃያ ደቂቃ ሆነኝ።

እሷ፦ እሺ። ከባትሪ በፊት አምፖል። የድሮዋ የ12 ቮልት አምፖል 18 ዋት ትበላለች። ስምንት አምፖል 144 ዋት፣ 12 አምፔር ማለት ነው። ለአራት ሰዓት ብታበራ 48 አምፔር ሰዓት። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ መጠቀም አይመከርም። ስለዚህ በአንድ ምሽት መብራት ብቻ ባትሪህን ጨረስህ። ያንኑ ስምንት በ3 ዋት ኤልኢዲ ተካው፤ 2 አምፔር። አራት ሰዓት 8 ብቻ። አዲስ ባትሪ ሳትገዛ ባትሪ ገዛህ።

እሱ፦ የእርሳስ ባትሪ ስትዪ፣ ሰውየው «አይነካ» የጻፈበትን እርሳስ ከባትሪው ቀዶ ይሆን?

እሷ፦ (ትስቃለች) ከእሱ የማይጠበቅ ነገር የለም።

እሱ፦ ኤልኢዲው ገባ። ሊቲየሙ ግን ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፣ ከ100ው 80ውንና ከዚያም በላይ ትጠቀሚበታለሽ፣ ለዓመታት ይቆያል። ምን ይከራከሩታል?

እሷ፦ አልከራከርም። የ1972ቱን ቻርጀር ሳትቀይር አታስገባው ነው የምለው። የእኔ አሮጌ ቻርጀር ሌሊት እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር፤ ባትሪው ሞላ አልሞላ አይገደውም፤ ዝም ብሎ ይገፋል። የእርሳሱን ባትሪ ውኃ አፍልቶ አድርቆት ነበር። አዲሶቹ በደረጃ ይሞላሉ፤ ባትሪው ሲጠግብ ዝቅ ይላሉ። ሊቲየም የራሱን ልክ የሚያውቅ ቻርጀር ይፈልጋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ጊዜ ደግሞ አይሞላም፤ በግድ ብትሞላው ይበላሻል። ከመኪናው በቀጥታ ካገናኘኸውም እንደተራበ ሰው ይጎትታል፤ የመኪናው አልተርኔተር፣ ኃይል አመንጪው፣ ይግላል። በመካከላቸው ፍሰቱን የሚመጥን ቻርጀር ያስፈልጋል።

እሱ፦ ስለዚህ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

እሷ፦ ቡሎኑን ለፈተገ ያዋጣል።

እሱ፦ ይህ መልስ አይደለም።

እሷ፦ አንድ ነገር ደግሞ፣ ይህን በቀልድ አታሳልፉት። የበሩን እጀታ ስትነኩ እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ፣ በተለይ እርጥብ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ወዲያው ኃይሉን ከምንጩ አጥፉ። የማራዘሚያው ገመድ የመሬት እግር ተቆርጦ፣ ውስጥ ደግሞ አንድ ዕቃ ኃይል እያፈሰሰ ከሆነ የአሉሚኒየሙ ገላ በሙሉ 120 ቮልት ሊለብስ ይችላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ በተሳቢው የብሬከር ሳጥን ውስጥ ኒውትራሉንና የመሬት መስመሩን አገናኝቶታል። ተሳቢው ውስጥ አይገናኙም፤ የሚገናኙት ኃይሉ ከሚመጣበት ዘንድ ነው። ይህን ባለሙያ ይየው።

እሱ፦ ትክክል። እንግዲህ ሰዓታችን...

እሷ፦ ማብሪያዋን አልጨረስሁም እኮ!

እሱ፦ እውነትም። ምን ሆነች?

እሷ፦ ፕላስተር ከነበረበት አልፌ ሽቦውን በአልጋው ሥር፣ በወለሉ ቀዳዳ፣ እስከ መጎተቻው ተከተልሁት። የሚያልቀው የት መሰለህ? የመነጠል ፍሬኑ ላይ። ታውቃታለህ፣ ገመድ ያላት ፒን። ተሳቢው ከመኪናው ቢነጠል ገመዷ ፒኗን ትመዛለች፤ ያን ጊዜ የተሳቢው የራሱ ባትሪ የራሱን ጎማዎች ሙሉ በሙሉ ያስይዛል። የእኔ አራት ጎማ ነው፤ እያንዳንዱ የፍሬን ማግኔት 3 አምፔር ያህል፣ በጠቅላላው 12።

እሱ፦ ይህ መስመር በማብሪያ ማለፍ የለበትም እኮ። በቀጥታ ከባትሪ ነው።

እሷ፦ የለበትም። ግምቴ፣ የፒኗ መቀበያ ውስጧ ዝጎ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ይይዝ ነበር፤ ሰውየው ማቋረጫ ማብሪያ አስገባ፤ በኋላ አበጀውና ማብሪያዋን አብርቶ «አይነካ» አለ።

እሱ፦ ቆይ። ቅዳሜ አጠፋሻት። መልሰሽ አበራሻት?

እሷ፦ ሐሙስ ጎትቼዋለሁ። አርባ ኪሎ ሜትር።

እሱ፦ ጠፍታ?

እሷ፦ ጠፍታ። ሽቦውን ተከትዬ የጨረስሁት ዓርብ ነው። መሰኪያውን ከመኪናው ነቅዬ፣ አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቼ፣ ፒኗን መዘዝሁ። ጎማውን በእጄ ገፋሁት። ዞረ። እንደ ልጅ መጫወቻ ዞረ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

እሱ፦ ዝም ብትይ ይሻል ነበር፣ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም አሁን።

እሷ፦ አሁን መቀበያዋን ቀይሬያለሁ፣ ሽቦውንም በቀጥታ ከባትሪው አገናኝቻለሁ። ፒኗን ስመዝ ጎማው ቀጥ ይላል። ሞክሬ ወዲያው እመልሳታለሁ፤ ብዙ ከቆየች ማግኔቱ ይግላል።

እሱ፦ ማብሪያዋንስ ነቀልሻት?

እሷ፦ አልነቀልኋትም። ሽቦዎቿን ብቻ አወጣሁ። ጽሑፉም እንዳለ ነው።

እሱ፦ አሁን እውነትም ምንም አታደርግም ማለት ነው።

እሷ፦ ምንም።

እሱ፦ ኮትሽን እዚያ ትሰቅያለሽ?

እሷ፦ ... ገና ነኝ።