መቁረጥ ካለብን ከመስተንግዶው እንጀምር

(በ2018 የግማሽ ዓመት ግምገማ ላይ ለወረዳ የፋይናንስና የበጀት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ብዙዎቻችሁ ከሩቅ ነው የመጣችሁት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ መንገድ የገባችሁም አላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የበጀት ጥሪ፣ ማለትም «የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ከዚህ ጣሪያ ሳታልፉ አቅርቡ» የሚለው ደብዳቤ፣ የሚመጣበት ጊዜ ደርሷል። ጣሪያው ከፍላጎታችን በታች እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ መቀስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው?

በዚህ ሙያ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚቆረጠው የማይጮኸው ነው። ስብሰባ ሲቀር ተሰብሳቢው ይጮሃል። የመስክ አበል ሲቀነስ ኃላፊው ይደውላል። የጤና ኬላ ጓንት ግን አይጮህም። ጠመኔም አይደውልም። እናቶች ደግሞ ጓንት የለም ሲባሉ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አሁን ያለንበትን ጊዜ እንየው። የፌዴራሉ በጀት ለ2017 ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ተፈቀደ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ደርሷል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ብሩ የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛ ግን መልሱን ማስረዳት አለብን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒቱ፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ የአምቡላንሱ ጎማ የሚገዛው በዶላር ነው። በወረቀት ላይ ቁጥሩ አደገ እንጂ የሚገዛው ዕቃ በዚያው ልክ አላደገም።

ዕዳም አለ። አገራችን በታህሳስ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በቀኑ ሳትከፍል መቅረቷን ታስታውሳላችሁ። ይህ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው፣ ወረዳን አይነካም እንዳትሉ። ዕዳ የሚከፈለው ጓንት ከሚገዛበት ከዚያው ቋት ነው።

ደመወዝም ተጨምሯል። በጥቅምት 2017 ዝቅተኛው 4,760 ብር ሆነ፣ በመስከረም 2018 ደግሞ 6,000። ተገቢ ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት አንድም ሠራተኛ በዛለት የሚል ሰው ካለ ጤፍ ገዝቶ አያውቅም። ነገር ግን የወረዳ በጀት ድሮም አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የምትቀረው ብጣቂ ናት። ሁሉም ሽሚያ ያለው እሷ ላይ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሂሳብ መደብ 6231 ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም። ውሎ አበል ነው። 6233 መስተንግዶ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት። 6214 የሕክምና ዕቃ፣ 6215 የትምህርት ዕቃ። ዛሬ ማታ ማረፊያችሁ ስትገቡ የራሳችሁን ወረዳ የስድስት ወር ሪፖርት አውጡ። 6231ን ከ6214 ጎን አስቀምጡት። የትኛው ቶሎ እንዳለቀ፣ የትኛው ከሌላ መደብ በዝውውር እንደተሞላ፣ የትኛው ደግሞ ለዝውውሩ እንደተቀነሰ እዩ። የወረዳችሁን ሐሳብ ከየትኛውም ዕቅድ በላይ የምታነቡት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ወረዳ፣ ሰኔ 25 ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ብር ተረፈ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በአምስት ቀን ውስጥ ካልወጣ ተመላሽ ይሆናል። ለሚቀጥለው ዓመትም «አልተጠቀሙም» ተብሎ ይቀነስባቸዋል። ስለዚህ ወንበር ተገዛ። 40 ወንበር። ፕሮፎርማው በሦስት ቀን ተሰበሰበ፣ ዕቃው ሰኔ 29 ገባ። ሰነዱ ንጹሕ ነበር፣ ኦዲት አላገኘበትም። ክፍያው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚያው ክረምት ወባ ገባ። ጤና ጣቢያው የመመርመሪያ ዕቃ ጨርሶ ሰው ወደ ከተማ ይላክ ነበር። ወንበሮቹ መጋዘን ውስጥ፣ ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ፣ ተደርድረው ነበር። እስከ ዛሬ ሰኔ ሲመጣ ትዝ ይሉኛል።

የዋናው ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ የምንሰማቸው ቃላት አሉ። ያልተወራረደ፣ ያልተሰበሰበ፣ መመሪያ ያልተከተለ ግዥ። እነዚህ መታረም አለባቸው። ግን የእኔ 40 ወንበር ከነዚህ ውስጥ አይገባም። ሕጋዊ ሆኖ ጥፋት የሆነ ወጪ አለ። እሱን መያዝ የምንችለው እኛ ብቻ ነን።

ሌላው በየትኛውም የሂሳብ መደብ ያልተጻፈው ወጪ የባለጉዳዩ ቀን ነው። አንድ አባት የይዞታ ማረጋገጫ ሊወስዱ ከቀበሌ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም» ይባላሉ። በሁለተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ፋይሉ አልተገኘም። ትራንስፖርት ከፍለዋል፣ ሦስት ቀን እርሻቸው አድሯል። በቀን እንዲህ የሚመላለሱ 50 ሰዎች አሉ እንበል። በወር ስንት የሥራ ቀን እንደሚሆን እናንተ ካልኩሌተር ሳትይዙ ታሰሉታላችሁ። ይህ ግብር ነው። ደረሰኝ የሌለው ግብር። የሚከፍሉትም በጣም የሌላቸው ናቸው፤ ያለው ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ ይልካል።

ለዚህ ነው ሪፎርም ሲባል ልቤ የሚነሳሳው፣ አንዳንዴም የሚፈራው። የሥራ ሂደትን እንደገና የሚቀርጸው ቢፒአር መጣ፣ ውጤትን የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ፣ የጃፓኑ የማሻሻያ ዘዴ ካይዘን መጣ፣ ሠራተኛን በቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። ሁሉም ስልጠና ነበራቸው፣ አበል ነበራቸው፣ ጥራዝ ነበራቸው። የሠሩባቸውን ቦታዎች አይቻለሁ፣ አልክድም። ለውጡ የቆየው ግን አምስት ፊርማ የነበረው ሁለት በሆነበት፣ ሰውየው ሦስት ቢሮ መዞሩ ቀርቶ አንድ መስኮት ላይ በጨረሰበት ብቻ ነው። በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይህንኑ ይዞ ነው የተነሳው። እኛ ጋ ሕንፃና ኮምፒውተር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ፊርማ መቀነስ በጀት አይጠይቅም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ጥሪው ሲደርሳችሁ የሕክምናና የትምህርት ዕቃውን፣ 6214ን እና 6215ን፣ መጀመሪያ ሙሉ። የጤና ኬላውን ባለሙያና ርዕሰ መምህሩን ጠይቃችሁ፣ በዘንድሮ ዋጋ ሙሉ። የባለፈውን ዓመት ቁጥር ወስዳችሁ 10 በመቶ አትጨምሩበት። ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ ከመስተንግዶውና ከስብሰባ አበሉ ጀምሩ። ይህን የዛሬውን ስብሰባ ጨምሮ። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ነው የምናገረው፤ የምሳው ግብዣ ቀርቶ ሻይና ዳቦ የሆነው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ቁጭ በሉና የማያልቀውን በጀት ለዩ። ዝውውሩን ያኔ ጠይቁ። ሰኔ 25 ላይ የቀረ ብር ወንበር ነው የሚሆነው፤ ሚያዝያ ላይ የተገኘ ብር ግን ለክረምቱ መድኃኒት ይደርሳል። የጸደቀውን በጀት ሰው በሚያነበው አማርኛ ጽፋችሁ ሰሌዳው ላይ ለጥፉ። ገበሬ ለጤና ኬላው ስንት እንደተመደበ ካወቀ፣ ጓንት የለም ሲባል ዝም ብሎ አይመለስም። ይጠይቃል። ያኔ ጓንቱም የሚጮህለት አገኘ ማለት ነው።

ኃላፊዎቻችሁ እንደሚጫኗችሁ አውቃለሁ። «አሁኑኑ አዛውር» የሚል ስልክ ሲመጣ ብቻውን የተቀመጠ ባለሙያ ይጨንቀዋል። በጽሑፍ ይምጣልኝ በሉ። በትህትና፣ ግን በጽሑፍ። እኔ ያን ሰኔ ይህን ብል ኖሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይዘገይ ነበር፤ ሰኔ 30 ደግሞ አይጠብቅም ነበር።

አሁን የናንተን እንስማ። የስድስት ወር ሪፖርቱን ይዞ የመጣ ካለ ከሱ እንጀምር። አመሰግናለሁ።