ሴሚስተር ስንት ወር ነው?

ሰላም ናችሁ። ዛሬም ከደሴ ነው፤ ስለ ከተማው ጉም ደግሜ አላወራም፣ ቃል ገብቻለሁ።

ኮምቦልቻ የምትማር አንዲት ልጅ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «10 ሳምንት ተምረን ፋይናል ገባን፣ ይሄ ምኑ ነው ሴሚስተር?» ትልና ትስቃለች። ደግሜ ሰማሁት። «ምኑ ነው» የምትለው ላይ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ሳቅ። ሳቁ ነው የከበደኝ መሰለኝ።

ቃሉ ላቲን ነው። «ሴክስ» ስድስት፣ «ሜንሲስ» ወር፤ ሲገጥሙ የስድስት ወር ማለት ነው። «ሴሚ» ግማሽ ነው የምትሉኝ፣ አይደለም። ግማሹን የያዘው የእኛ መንፈቀ ዓመት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ እዚያ ዛሬም በብዛት የክረምቱ ሴሚስተር ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ይቆጠራል፣ ስድስት ወር ሙሉ። ክፍል የሚገባው ግን 14፣ 15 ሳምንት ገደማ ነው፤ የቀረው ለፈተና፣ ለጽሑፍ፣ ለግል ንባብ። ትሪሜስተርም እንዲሁ ሦስት ወር እንጂ ሲሶ ማለት አይደለም፣ የእርግዝና ክትትል ላይ የምትሰሙት... ተዉት፣ እዚያ ከገባሁ አልወጣም።

የእኛ ሴሚስተር በወጉ 16 ሳምንት ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 48 የሌክቸር ሰዓት ይሆናል። በ2012 ኮሮና፣ በ2014 ጦርነቱ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ የባከነው ጊዜ እንዲካካስ ሴሚስተሩ ተጨመቀ። እሺ፣ 48ቱን ልጅቷ ባለችው 10 ሳምንት አካፍሉት፤ በሳምንት 5 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት ያነባል ብለን ካሰብን፣ ሌክቸርና ንባብ ተደምሮ በሳምንት 45 የነበረው 72 ሰዓት ይሆናል። እሁድን ጨምሮ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ! ማን ያነባል? ስለዚህ የሚቀረው ንባቡ ነው፤ ሌክቸሩማ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ፣ በሜክአፕ ክላስ ይሞላል፣ ሪፖርቱም «ተሸፍኗል» ይላል።

«ዋናው ይዘቱ ነው፣ ሳምንቱ አይደለም» የሚሉ አሉ። ለአንዳንድ ኮርስ እሺ ልበል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ላይ ግን አልስማማም። የኮንክሪት ኪዩብ ተሞልቶ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጥንካሬው እንዲለካ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። 28 ቀን አራት ሳምንት ነው፤ ሲሚንቶ በዩኒቨርሲቲ ሴኔት ውሳኔ አይፈጥንም። በ7ኛው ሳምንት የተሞላ ኪዩብ ውጤቱ በ11ኛው ነው፣ ተማሪው ግን በ10ኛው ተፈትኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሄዷል። ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል? የ7ኛው ቀን ቁጥር በግምት ከፍ ተደርጎ? ወይስ ያምናው ባች ውጤት ተገልብጦ?

በ1ኛው ሳምንት ይሞላ ልል ነበር። ግን ያ ሳምንት አድና ድሮፕ፣ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ነው። ደግሞ ሚክስ ዲዛይን፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩና ውሃው በምን ያህል እንደሚደባለቅ፣ ሳይማሩ ምኑን ይሞላሉ... ቅዳሜና እሁድ ላብ ቢከፈትስ? አይ፣ እሱም ለሜክአፕ ሄዷል፣ እንግዲህ...