የስታዲየም ጣሪያ በአቅማችን፦ የአድማጮች ጥያቄና የመሐንዲሱ መልስ

ስለ ተመልካች መቀመጫ ጣሪያ ለደወሉልንና መልእክት ለላኩልን አድማጮች የመዋቅር መሐንዲሱ የሰጡት መልስ እነሆ።

ከአሰላ፦ ለከተማችን ሜዳ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ የኮንክሪት መቀመጫ ልንሠራ ነው። ገንዘቡ ከነዋሪው የተዋጣ ስለሆነ ውስን ነው። በትንሽ ወጪ የሚሠራው ጣሪያ የትኛው ነው?

ከፊትም ከኋላም ምሰሶ ኖሮት፣ ተራ የብረት ትራስ (ከብረት ዘንጎች ተበይዶ ጣሪያውን የሚሸከም ማዕቀፍ) ተጋድሞበት ቆርቆሮ የሚለብሰው ነው። ደህና ባለሙያ ያለው የብረታ ብረት ድርጅት ሁሉ ይሠራዋል፤ መሠረቱም ብዙ አያስወጣም። ችግሩ የፊቱ ምሰሶ እይታ ይጋርዳል። ኮሚቴዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ምሰሶ የሌለው ይሁንልን» ይላሉ። ከኋላ ብቻ ተይዞ ወደ ፊት የሚንጠለጠለው፣ ካንቲሊቨር የምንለው፣ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሥሩ ላይ የሚመጣው የማጉበጥ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ5 ሜትር ወደ 10 ሜትር ሲሄዱ ብረቱም መሠረቱም የሚከብደው በእጥፍ ብቻ አይደለም።

ለእናንተ የምመክረው መካከለኛውን ነው። የፊቱን ምሰሶ ከመጀመሪያው ረድፍ አንሡና ወደ መቀመጫው አጋማሽ አምጡት። ከእሱ ወደ ፊት 3 ወይም 4 ሜትር ብቻ ይንጠልጠል። የኋላው ምሰሶ የጣሪያውን ጅራት ወደ ታች ስቦ ይያዝ። ምሰሶ የሚጋርዳቸውን ቦታዎች መተላለፊያ ብታደርጓቸው የምታጡት ወንበር ጥቂት ነው። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኋላው ምሰሶ መሸከም ብቻ ሳይሆን መጎተትም አለበት። ነፋሱ ከታች ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሣዋልና።

ከሆሳዕና፦ ገንዘባችን ለአንድ ወገን ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛውን እንሸፍን?

ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ የምዕራቡን። ጨዋታ የሚበዛው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ትሆናለች፣ የጣሪያውም ጥላ ተመልካቹ ላይ ያርፋል። በምሥራቁ በኩል ግን የፈለገውን ያህል ጣሪያ ቢሠራ ፀሐይዋ ከሥሩ ገብታ ዓይን ትወጋለች። አንዱን ወገን በደንብ መሸፈን ገቢም ያመጣል። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ጣሪያ ባለው በ«ጥላ ፎቅ» እና «ካታንጋ» በሚባለው ወገን ቲኬት መሃል ያለውን የዋጋ ልዩነት ያውቀዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የባህር ዛፍ አጣና በአካባቢያችን ሞልቷል። በእሱ ብንሠራስ?

ለትንሽ የትምህርት ቤት ዳስ ይሆናል፤ ሕዝብ ለሚታጨቅበት ስታዲየም አልፈቅድም። ምስጡንና መጣመሙን ትቼ እሳቱን ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 11 ቀን 1985 ከእንጨት መቀመጫ ሥር የተከማቸ ቆሻሻ ተቀጣጠለ። የእንጨቱ ጣሪያ ሬንጅ ያለው ልባስ ስለነበረው እሳቱ በጥቂት ደቂቃ መቀመጫውን ሁሉ ወሰደው፤ 56 ሰዎች ሞቱ። ብረት ይሁን። ከመቀመጫ ሥርም ቆሻሻ አታከማቹ።

ከወልቂጤ፦ ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ይሁን?

ከ28 ጌጅ የሳሳ አትግዙ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። በሚስማር ሳይሆን ጎማ ባለው ብሎን ይታሰር፣ በጠርዙ በኩል ደግሞ ብሎኑ ይብዛ። ነፋስ መጀመሪያ የሚገልጠው ጠርዙን ነው።

ከሻሸመኔ፦ የኮንክሪት መቀመጫው ከተሠራ ቆይቷል። አንድ በያጅ ደረጃውን በስቶ፣ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ምሰሶ በቦልት አስሮ 8 ሜትር የሚንጠለጠል ጣሪያ ሊሠራልን ተስማምቷል። «ቆርቆሮ ምን ክብደት አለው» ይላል። ዋጋውም ከሌሎቹ ግማሽ ነው።

ወንድሜ፣ ገና ካልከፈሉ አይክፈሉ። ይህን አባባል ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ከጣሪያው ሥር የሚቀመጡት ልጆች ይታዩኛል።

ቆርቆሮ ቀላል መሆኑ ነው አደጋው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሀገራችን የሕንፃ ደንብ ለስሌት የተያዘው መነሻ የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ነፋስ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ያህል ይገፋል። የስታዲየም ጣሪያ ፊቱ ክፍት ነው፦ ነፋሱ ከሜዳው ገብቶ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ሲላተም መውጫ ያጣና ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ከላይ የሚያልፈውም ይስበዋል። ጃንጥላ በነፋስ ሲገለበጥ ያየ ሰው ነገሩን አይቶታል።

አሁን አብረን እናስላ። ምሰሶዎቹ በ5 ሜትር ቢራራቁና ጣሪያው 8 ሜትር ቢንጠለጠል፣ አንዱ ምሰሶ 40 ካሬ ሜትር ይይዛል። በ30 ኪሎ ሲሰላ 1,200 ኪሎ ወደ ላይ ይነሣል ማለት ነው። ያ ኃይል የሚያርፈው ከምሰሶው 4 ሜትር ርቆ ነው። በምሰሶው እግር ያሉት ቦልቶች 30 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በአንድ ወገን ያሉት ላይ 16 ቶን የሚነቅል ኃይል ይመጣል። የጣሪያው ክብደት ከዚህ ላይ ይቀንሳል፤ ድንገት ሽው የሚለው ነፋስ ደግሞ መልሶ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ነው በስስ የመቀመጫ ደረጃ ላይ በድሪል ተበስቶ በገባ ቦልት ልትይዙት ያሰባችሁት። ቦልቱ ኮንክሪቱን ይዞ ነው የሚነቀለው።

ዲዛይን የተሠራላቸውም ወድቀዋል። በማሌዥያ ኳላ ተሬንጋኑ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀ ስታዲየም ጣሪያው በዓመቱ ተደረመሰ። በኔዘርላንድስ አልክማር ደግሞ በኦገስት 2019 ነፋስ በበረታበት ቀን የጣሪያው ክፍል ወደቀ፤ በኋላ ሲመረመር የብየዳ ድክመት ተገኘበት። በዚያ ሰዓት ሜዳው ባዶ ስለነበር ሰው ተረፈ።

ምን ይደረግ? አዲሶቹ ምሰሶዎች ከመቀመጫው ጀርባ፣ አሮጌውን ኮንክሪት ሳይነኩ በራሳቸው መሠረት ላይ ይቁሙ። መሠረቱ ለክብደት ብቻ ሳይሆን ለመነቀልም ይሰላ። በጀርባ ግድግዳና በጣሪያ መካከል ነፋስ የሚወጣበት ክፍተት ተዉ፤ ምንም ወጪ የለውም፣ የሚቀንሰው ኃይል ግን ቀላል አይደለም። ምሰሶዎቹን የሚያያይዙት አግድም ዘንጎች ሳይገቡ ቆርቆሮ አይውጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ የስታዲየም ጣሪያ ገና በግንባታ ላይ ሳለ የወደቀው ማያያዣዎቹ ሳይሟሉ ጭነት ስለወጣበት ነው፤ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። መቆጠብ ካለባችሁ 8 ሜትሩን 5 አድርጉት፣ የፊት ረድፎች ዝናብ ይንካቸው። ከብየዳና ከመሠረት አትቆጥቡ።

ከአዳማ፦ በውጭ ሀገር እንደምናየው በሸራ መሸፈን አይረክስም?

አይረክስም። እንደ ድንኳን ሸራ ይመስላል እንጂ በልዩ ስሌት ተቆርጦና በገመድ ተወጥሮ የሚሠራ ነው። ዕቃውም ባለሙያውም የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላም ሸራው ይቀየራል። ለወረዳ ስታዲየም ቆርቆሮ ይበቃል።

ከሐዋሳ፦ ከጣሪያው ፊት ለፊት ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ብንሰቅል ገቢ እናገኛለን።

መጀመሪያ ያልተሰላ ከሆነ አይሰቀልም። ሰሌዳ ነፋስ ይይዛል። ዲዛይኑን የሠራውን መሐንዲስ ጠይቁ።

ከደሴ፦ ካለፈው ነፋስ በኋላ አንዱ ትራስ ጠሟል፣ ከምሰሶው እግርም ብሎን ላልቷል። እሁድ ጨዋታ አለን። በአጣና ደግፈነዋል፣ ይበቃል?

አይበቃም። አጣናው እንዳይወርድ ይደግፈው ይሆናል፤ ነፋሱ ከታች ሲያነሣው ግን የሚይዘው ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ወገን በገመድ ዝጉት፣ ሥሩ ማንም አይቀመጥ፣ ብሎኑንም ራሳችሁ አታጥብቁ። ለከተማችሁ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ አሳውቁና ፈቃድ ያለው የመዋቅር መሐንዲስ በአካል መጥቶ ይየው። በስልክ ከዚህ በላይ ልነግርዎ አልችልም።