የድሮ ሞተር ፈትተው መግጠም ላቃታቸው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሐሙሲት የደወለ ወጣት፦ «ጋሼ፣ የአጎቴን የድሮ ሞተር ሳይክል፣ የሆንዳ ሲጂ 125ን ሞተር ፈታሁት። ዕቃው ሁሉ ሳፋ ውስጥ ተቀላቅሏል። ከየት ልጀምር?»

መጀመሪያ ከሳፋው አውጣው ወንድሜ። እጠበው፣ አድርቀው፣ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ለብቻ የታቹን ለብቻ ደርድር። ደግነቱ ሲጂ ለጀማሪ አይከብድም። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ጥገና እንደልብ በማይገኝበት አገር እንዲሠራ አስቦ ስለነበር ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ካም የሚያዞር ሰንሰለት የሚባል ነገር የለውም። ካሙ ታች ሆኖ በጥርስ ይዞራል፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው። የካሙና የኮለዶካው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ጥርስ ላይ ምልክት አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልገጠሙ አትዝጋው።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት ላይ ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ክተትና በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገህ አስተካክለው፣ ከዚያ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት) ለካ። ከመመሪያው ልኬት ከሰፋ ፋሻው ወይ ሲሊንደሩ አልቋል፣ ቶርኖ ቤት ይታይልህ። ፊደል ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ የፋሻዎቹ አፍ ደግሞ አንድ መስመር ላይ አይዋል። ፒስተኑ አናት ላይ «አይ» እና «ኤን» የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት ካሉ ወደ ካርቡራቶሩ ይዙሩ። ፒስተኑን የሚይዘው ፒን (ስፒና) እንዳይወጣ የምታግደዋን ቀለበት ከማስገባትህ በፊት የሞተሩን የታችኛውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው፤ ያቺ ቀለበት ተፈናጥራ ታች ከገባች ሥራው እንደ አዲስ ነው። አሮጌዋንም መልሰህ እንዳትጠቀም፣ የሳንቲም ዕቃ ናት። ሲሊንደሩን ዘይት ቀብተህ፣ ፋሻውን በጣትህ ጫን እያደረግህ አውርደው። እምቢ ካለ በመዶሻ አታናግረው።

ከባሕር ዳር ቀበሌ 14 የደወለች እህት፦ «የሲጂ ሞተሬን ገጥሜ ጨረስኩ፤ ለማስነሳት ስረግጠው ግን ቀጥ ይላል። ጉልበት ልጨምር?»

ኧረ በፍጹም! ካንዴላውን አውጪና በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ካንዴላ ወጥቶም ቀጥ ካለ ብረት ከብረት ተነካክቷል ማለት ነው፦ የካሙ ምልክት ስቷል፣ ወይ አንዱ ዘንግ ቦታው አልተቀመጠም። በነፃነት ከዞረልሽ ወደ ቫልቭ ክፍተት እለፊ። ለሲጂ የሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ በርዶ። ፍላይዊሉ ላይ ያለው የ«ቲ» ምልክት በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የሚፈለገው ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) በጣት ሲነኩ ትንሽ የሚወዛወዙበት ነው። የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀል፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቂ። በመካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አዲስ ይሁን።

ከዘጌ የደወሉ አባት፦ «ልጄ የገጠመው ይነሳል፣ ግን ጥቁር ጭስ ያወጣል። ፋሻው ይሆን?»

አይመስለኝም አባቴ። ዘይት የሚበላ ሞተር ጭሱ ሰማያዊ ነው፣ ካንዴላውም በዘይት ይርሳል። የእርስዎ ካንዴላ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ጣና ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ያበዛል። ግን ምንም ሳትነኩ የአየር ማጣሪያው በአቧራ አለመደፈኑንና ቾኩ መከፈቱን እዩ። ካልተሻለው የካርቡራቶሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ባነሰች ይሞክር። ፋሻው አዲስ ከሆነ ደግሞ ልጅዎ የቤዛዊትን አቀበት በሙሉ ጋዝ እንዳይወጣ ይንገሩልኝ፤ የመጀመሪያውንም ዘይት ቶሎ ይቀይር፣ የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል።