እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ስለምወዳቸው አባባሎች ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አባባል መሰብሰብ የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በሚኒባስ ታክሲ መስኮት ላይ የተለጠፈውን፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ግርጌ የታተመውን፣ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን፣ ከአዛውንት አፍ የሰማሁትን ሁሉ በደብተር እገለብጥ ነበር፤ እስካሁን ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። በቅርቡ ቤቴን ሳጸዳ ሦስቱንም አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው፤ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ በኑሮዬ ላይ አንዳች ነገር የሠሩት ከአምስት እንደማይበልጡ ሳውቅ በጣም ተገረምኩ። የቀሩት ያማሩ ናቸው፤ ሳነባቸው ልቤን ደስ ብሎታል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ያው እንደነበርኩ ነበርኩ። ሥራ የሠሩት ጥቂቶቹ ግን ሁሉም የሚመሳሰሉበት አንድ ጠባይ አላቸው፦ ላይ ላዩን ሲሰሙ ያጽናናሉ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው ግን ያዝዛሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን ነው፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። እውነቱን ለመናገር ይህን አባባል ለብዙ ዓመታት አልወደውም ነበር። ቀን በአንድ ሱቅ እየሠራሁ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት እከታተል በነበረበት ጊዜ ኮስት አካውንቲንግ የሚባለውን ትምህርት ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛውን ውጤት ያየሁ ዕለት ደብረ ማርቆስ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ ሳለቅስ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። በልቤ ግን ተቀየምኳት። ጊዜው ካለፈ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜው እያለፈ ምንም እንዳልተስተካከለ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ ዶሮ አስታቅፋ አገኘኋት። ከጓዳው ጥግ፣ ጭድ በተነጠፈበት አሮጌ ቅርጫት ውስጥ፣ ቀይ ዶሮዋ 12 እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ከቅርጫቱ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ እናቴ በየማለዳው በከሰል አንድ አንድ መስመር ታሰምራለች፤ እኔ ስደርስ መስመሩ 13 ሆኗል። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፣ ልቤም ስላዘነ፣ ለብዙ ሰዓት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዶሮዋን አይ ነበር። ከዚያ በፊት የታቀፈች ዶሮ ዝም ብላ የተቀመጠች ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። በየተወሰነ ጊዜ ብድግ ብላ አንገቷን ከሆዷ ሥር ታስገባና እንቁላሎቹን በመንቁሯ አንድ በአንድ ታገላብጣቸዋለች፤ ዳር ያለውን ወደ መሐል፣ መሐል ያለውን ወደ ዳር ትስባለች። ሳታገላብጠው ብትቀር በውስጡ የሚያድገው ጽንስ ከቅርፊቱ ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ተነሥታ እህል ትለቅማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ከዚያም ሙቀቱ ሳይበርድ በጥድፊያ ትመለሳለች። እንቁላሉ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሆነ ሙቀት ይፈልጋልና መዘግየት አትችልም። ኩክኒዋ ገርጥቷል፣ ደረቷ ከስቷል፣ የሆዷ ላባ ረግፎ ቆዳዋ እንቁላሉን በቀጥታ ይነካል።

እናቴ ስለ ፈተናው አንድም ቃል አላነሳችም። ከደረስኩ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ማለትም መስመሩ 21 በሞላ ዕለት፣ ማለዳ ጠርታኝ ቅርጫቱን አሳየችኝ፤ ጫጩቶቹ መፈልፈል ጀምረው ነበር። ከ12ቱ 9ኙ ወጡ፤ ከመካከላቸው ቀድሞ የወጣው እስከ ማታ ድረስ ላባው ደርቆ በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ እየተንገዳገደ ይራመድ ነበር። ያን ጊዜ ነው አባባሉ የገባኝ። ተረቱ እንቁላሉን ብቻ ይጠራል እንጂ ዶሮዋን አይጠራትም፤ ዶሮዋ ግን በቃሉ ውስጥ ተደብቃ ተቀምጣለች። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል የቀናቱ ስም አይደለም፤ የእርሷ የ21 ቀን ሥራ ስም ነው። ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር በቅኔ ብቻ የሚገኝ ይመስለኝ ነበር፤ በየዕለቱ በምንወረውረው ተረት ውስጥም እንዲህ ተሸሽጎ መኖሩን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም።

አዲስ አበባ ስመለስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ማጥናት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት የማጠናው ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ነበር፤ ይህም ማለት አንድ ቀን አሙቆ ሌላውን ወር ሙሉ ማብረድ ነው። በአዲሱ ልማዴ ግን ትናንት የሠራሁትን ጥያቄ ዛሬ ገልብጬ በሌላ በኩል እሠራዋለሁ። በአልጋዬ ራስጌ ባለው ግድግዳ ላይ፣ እናቴ እንዳደረገችው፣ በእርሳስ መስመር አሰምር ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ፈተናውን አለፍኩ። መስመሮቹን ቆጥሬ አላውቅም፤ አከራዬ ግድግዳውን ስታስቀባ ጠፉ።

ሁለተኛው አባባል የመጣልኝ ከዚህችው አከራዬ ነው። እማማ እያልኩ ነበር የምጠራት። ከምረቃዬ በኋላ ተቀጥሬበት የነበረ አንድ ድርጅት የእኛን ክፍል ሲዘጋ ሥራዬን አጣሁ። ሥራ ማጣት የማንም ዕጣ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ነውር ቆጠርኩትና ለማንም አልተናገርኩም። ለሦስት ወር ያህል በየማለዳው ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከቤት እወጣና አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ እውላለሁ፤ በሥራ መውጫ ሰዓት እመለሳለሁ። በደብተሬ ውስጥ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚል ተጽፎ ስለነበር እርሱን እንደ ጋሻ ይዤው ነበር። እዚያው ደብተር ላይ፣ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል መኖሩን ግን አላየሁትም፤ ወይም ላየው አልፈለግሁም። አበው ሁለቱንም ትተውልናል፤ የትኛው ለየትኛው ቀን እንደሚሆን የመለየቱ ሥራ የእኛ ነው። ፍርሃት የያዘው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለፍርሃቱ የሚመቸውን ይመርጣል።

አንድ ማታ እማማ ቡና ላይ ጠራችኝ። ጎረቤቶቹ እስኪሄዱ ጠብቃ፣ ሦስተኛውን ስኒ እየቀዳች፣ «ምሳ ዕቃሽ ከመደርደሪያው ከወረደ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ። ለካ በየቀኑ ታየው ኖሯል። መልስ አጥቼ አንገቴን ስደፋ፣ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ስኒውን አቀበለችኝ። ያን ሌሊት ሁሉንም ነገርኳት። በማግሥቱ ደግሞ ከእርሷ ይልቅ ወደከበደኝ ወደ እናቴ ደወልኩ። እናቴ ሰምታ ጨርሳ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ቁርስ በልተሻል?»

እማማ በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ጉዳዩን ለሴቶቹ አነሣች። ከእነርሱ የአንዷ ልጅ የሕንፃ መሣሪያ በሚያከፋፍል ቤት ውስጥ ትሠራ ነበርና ሒሳብ ያዥ እንደሚፈልጉ ተናገረች፤ እኔም ምሥጢሬን ካወጣሁበት ቀን ጀምሮ በ11ኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሦስት ወር በዝምታ፣ 11 ቀን በመናገር። ሁሉም ሰው እንዲህ ፈጥኖ ይሳካለታል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ለሦስት ወር ሙሉ ከቤቴ ደጃፍ አጠገብ፣ በእማማ ማኅበር ውስጥ እንደነበረ ሳስበው አሁንም ልቤ ይነካል። አባባሉ በሽተኛውን አይወቅሰውም፤ ተናገር ብሎ ያዝዘዋል።

ሦስተኛው ተረት አይደለም፤ ባለቤት ያለው ቃል ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በሮም ጎዳናዎች ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ደገመው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደረሰበትና ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። ከዚያ በኋላ የተናገረው ቃል መንፈሱ እንዲህ ነው፦ ኦሎምፒክን ማሸነፌ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር፣ አደጋው መድረሱም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ያን ድል እንደተቀበልኩ ይህንንም እቀበላለሁ።

ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ከአቅም በላይ የሆነ ሐዘን የወለደው መሸነፍ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ከቃሉ ቀጥሎ ያደረገውን አስተዋልኩ። ለሕክምና በሄደበት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ በሚደረግ የተንሸራታች ውድድር ተካፈለ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው በእርሱ ዕድሜ እንደገና ጀማሪ ሆኖ ቀስት መያዝ ሲማር ምን ያህል ትሕትና እንደሚጠይቀው አስቡት። መቀበል ብሎ የተናገረው ነገር በእጁ ላይ ሲታይ ቀስት መወጠር ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ስለ መቀበል ብዙ ሰው ብዙ ያማረ ነገር ጽፏል፤ እኔ የምጠቅሰው ግን የእርሱን ነው፣ ምክንያቱም ከፍሎበታል።

ባለፈው ሳምንት በሥራ ቦታችን አዲስ የገባች አንዲት ልጅ ማታ የምትማረውን ኮስት አካውንቲንግ መውደቋን ሰምቼ ከዕረፍት በኋላ ጠራኋት። ዓይኗ አብጦ ነበር። ተረቱ ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ዋጥኩት፤ እኔ በእርሷ ቦታ ሳለሁ እንዴት እንደመረረኝ አስታወስኩ። ከዚያ ይልቅ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትነሣ ጠየቅኋት። «12 ሰዓት ተኩል» አለችኝ። አሮጌውን ደብተሬን፣ ጥያቄዎቹን በሁለት በሁለት መንገድ የሠራሁበትን፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ነገ 11 ሰዓት ላይ እንደምደውልላትም ነገርኳት። ይኸው ስድስት ቀን ሆነን፤ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ ታነሣለች።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ፤ ነገም በ11 ሰዓት እነሣለሁ። ቸር ሰንብቱ።